አንዲት አረር፦ ነፍጥና አደን በዋግና በተከዜ ሸለቆ

የሰሜን ኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ለምን ተመናመኑ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ጠመንጃ ላይ ነው። ጠመንጃ ገባ፣ አውሬ አለቀ ይባላል። አባባሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሆኖም በሦስት መቶ ዓመት ልዩነት የገቡ ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይከስሳል። የመጀመሪያው ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርሰው፣ በክር እሳት የሚለኮሰው ነፍጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ በአንድ ቀለህ ታሽገው ከኋላ የሚገቡለት ፈጣን ጠመንጃ ነው። የዋግን ደጋ፣ የሰሃላ ሰየምትን ቆላና ከተከዜ ማዶ ያለውን የስሜን ገደል በአንድ ዓይን አይቶ ታሪኩን ለተከተለ ሰው፣ እነዚህ ሁለቱ በእንስሳቱ ላይ ያደረሱት ነገር እጅግ የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ነፍጥ በዚህ አገር ሦስት መቶ ዓመት ሲተኮስ ኖሮ አጋዘኑም ዋልያውም ሰሱም ነበሩ። የተመናመኑት ፈጣኑ ከመጣ በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ነው። ይህን ልዩነት የፈጠረው የአዳኙ ደግነት አይመስለኝም። ነፍጡ ራሱ በአዳኙ ላይ የጣለው ገደብ ነው የፈጠረው።

ስለ እንስሳቱ አስቀድሞ አንድ ነገር መባል አለበት። የአውሮፓና የአሜሪካ አዳኝ የሚመካበት፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው ዋላ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የለም። የእኛ አዳኝ በዚያ ቦታ የሚያሳድደው ጠምዛዛ ቀንድ ያለውን የቆላ አጋዘን፣ በጥሻ ውስጥ የሚውለውን ድኩላ፣ ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ የምትለውን ሚዳቋና በቋጥኝ ጫፍ በአራት እግሩ የሚቆመውን ሰስ ነው። በስሜን ገደል ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኘው ዋልያ አለ። ከሰቆጣ ከተማ ወደ ምዕራብ ወደ ተከዜ ሲወረድ አገሩ ከደጋ ወደ ግራርና ድንጋያማ ቆላ ይለወጣል። ሰሃላ ያለው እዚያ ነው። ወንዙን የተሻገረ ሰው ደግሞ ወደ ስሜን ተራሮች ሽቅብ ይያያዘዋል። የአንድ ቀን መንገድ በማይሞላ ርቀት የቆላ አጋዘንና የውርጭ አገር ዋልያ የሚዋሰኑበት ሸለቆ በመሆኑ፣ ለአደን ታሪክ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

የእሳት መሣሪያ ወደዚህ አካባቢ የቀረበው ገና በማለዳው ነው። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት በነፍጥ ታጅቦ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ የፖርቹጋሉ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማም 400 ያህል ባለ ነፍጥ አስከትሎ በምጽዋ በኩል ገባ። ዳ ጋማ በ1534 ዓ.ም. ክረምት ወደ ስሜን ዘልቆ አንድ አምባ እንደያዘ የዘመቻው ጸሐፊ ካስታኞዞ ያወሳል። በዚያው ክረምት መጨረሻ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተገደለ። ወፍላ ከዋግ ጋር የሚጎራበት አገር ነው። ስለዚህ የዋግ ሰው የነፍጥን ድምፅ ለመስማት የጎንደርን ዘመን መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ወይና ደጋ ላይ ጦርነቱ በ1535 ዓ.ም. ከማብቃቱ በፊት ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ አፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን ቤተ እስራኤሎች ላይ ሲዘምቱም ነፍጥ ከተከዜ ወዲያና ወዲህ አልተለየም። የመሣሪያው መግባት ብቻውን እንስሳትን የሚጨርስ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከዚያ ዘመን መቆጠር ይጀምር ነበር።

መስማትና መታጠቅ ግን ለየቅል ናቸው። ነፍጥ የሚገባው በምጽዋ ነው፤ የምጽዋን መንገድ የያዘው ደግሞ የትግራይ ገዥ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን በመዳፋቸው ያስገቡት ከሌላው መኳንንት ሁሉ የበለጠ ባለ ነፍጥ ስለነበራቸው ነው። ስሜንንና ትግራይን አጣምረው የገዙት ደጃዝማች ውቤ ደግሞ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሳ ኃይሉ፣ በኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ እጅ ሲወድቁ በሺህ የሚቆጠር ነፍጥ ከግምጃ ቤታቸው ተማርኳል። ዋግ ከዚህ መንገድ ጎን ተቀምጦ ቀረ። የዚህ ዋጋ በግልጽ የታየው ሐምሌ 4 ቀን 1863 ዓ.ም. ነው፤ ዋግሹም ጎበዜ፣ በንግሥ ስማቸው ዳግማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጥ ሠራዊት ይዘው አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ከደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ከኋላው አፄ ዮሐንስ፣ ጋር ገጠሙ። ካሳ ከጥቂት ዓመት በፊት የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ሲመለስ የተወላቸው መድፍና ነፍጥ፣ ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ያሠለጠነው ወታደርም ነበራቸው። ብዛት በእሳት ተሸነፈ። ያን ጊዜ በዋግ ነፍጥ ያለው ሰው ወይ መኳንንት ነው፣ ወይ የመኳንንት ሎሌ። ቆላ ወርዶ ከሚያድነው ገበሬ አብዛኛው ጦርና ውሻ፣ ወጥመድና ጉድጓድ ይዞ ይወርድ እንደነበር መገመት ከእውነት አያርቅም። ይህ በክርክሬ ላይ የሚነሣ ትልቅ ተቃውሞ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ነፍጡ እንዴት እንደሚሠራ መታየት አለበት፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ባሩድ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከባሩድ ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ። ከመቶው 75 እጅ ገደማ የሚሆነው ጨው ነው፤ የቀረውን ከሰልና ድኝ ይካፈሉታል። ጨው ሲባል የወጡ ጨው አይደለም፤ ከብት ዘመናት ካደረበት በረትና ከዋሻ ወለል አፈር ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ተፍልቶ የሚገኝ ነጭ ብናኝ ነው። ከሰሉን ማንም ያከስላል። ድኝ የሚወጣው የአሞሌ ጨው ከሚቆረጥበት ከአፋር በረሃ ነው፤ ሰቆጣ ደግሞ የአሞሌ ነጋዴ ወደ መሐል አገር ከመግባቱ በፊት የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ስለዚህ የዋግ ባለ ነፍጥ ባሩዱን በራሱ እጅ ማሰናዳት አይቸግረውም። የሚቸግረው እርሳስ ነው፤ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ሲጠፋም አንጥረኛ የቀጠቀጠው የብረት ድቡልቡል ይተካዋል። የክር ነፍጥ በአውሮፓ ከተረሳ በኋላም በእኛ አገር እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የዘለቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ባልጩት የሚያስጭረው ነፍጥ ጥሩ ባልጩት ይፈልጋል፤ በትንሽ የመዳብ ቆብ የሚተኮሰው ደግሞ ቆቡ ካለቀ ዱላ ነው፣ ቆቡንም የሚሠራ በአገር የለም። ክር ግን ከጥጥም ከልጥም ይገመዳል።

አሁን ይህን ነፍጥ ይዞ ቆላ የወረደውን ሰው እናስብ። በቀንድ ከያዘው ባሩድ ለአንድ ተኩስ የሚበቃውን ሰፍሮ በአፈሙዙ ያፈስሳል። ጨርቅ ወይም ቃጫ ይወትፍበትና በረጅም ዘንግ ይጠቀጥቀዋል፤ አረሩን ይጥልበታል፤ እንዳይንከባለል እንደገና ይወትፋል። ከዚያ በጆሮው በኩል ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ የላመ ባሩድ ይነሰንሳል። የሚጨሰውን ክር ጫፍ እፍ ብሎ ያቀላዋል፤ ረመጡ ሳህኑን ሲነካ ነፍጡ ይተኩሳል፣ ወይም ሳህኑ ብቻ ቦግ ብሎ ይቀራል። ብረቱ ከባድ ስለሆነ በባላ ወይም በድንጋይ ላይ ካላሳረፉት አይረጋም። ከተተኮሰ በኋላ ይህ ሁሉ ከእንደገና ይጀመራል፤ የሠለጠነ ሰው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ይወስድበታል፣ ተንበርክኮ በገደል ጥግ ለሚያጎርስ አዳኝ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ሰው «ቆመህ ጠብቀኝ» የሚል ስም ያወጣለት ያለ ነገር አይደለም። ውስጡ ልሙጥ በመሆኑ ድቡልቡሉ አረር ከ80 ሜትር ካለፈ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ተጓዡ ጀምስ ብሩስ በጎንደር የሻማ ቁራጭ በነፍጥ አጉርሶ ሦስት ጋሻ እንደበሳ ጽፏል፤ መሣሪያው ቅርብ ላለ ነገር ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያሳያል። ርቀት ግን ኃይሉን ሁሉ ይቀማዋል።

በእንዲህ ያለ መሣሪያ የተሳካ አደን የሚሠራው ከመተኮሱ በፊት ነው። አዳኙ አጋዘኑ የሚወርድበትን ውኃና የሚያርፍበትን ጥላ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ የበጋው ድርቀት እንስሳቱን ወደ ተከዜና ወደ ጥቂት ኩሬዎች ስለሚሰበስብ ዋናው ወቅት ያ ነው። ክረምት ባሩድም ክርም የሚረጥብበት ጊዜ ስለሆነ ነፍጡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ነፋሱ ከአውሬው ወደ ሰው መንፈስ አለበት፤ የሰው ጠረን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ የሚጨሰው ክርም ይሸታል። ሃምሳ ክንድ፣ ቢበዛ መቶ ክንድ እስኪቀር በደረት እየተሳቡ መቅረብ ነው። አዳኙ የሚያልመው ከፊት እግሩ ኋላ፣ ልብና ሳንባ ካሉበት ነው። ሲተኮስ ነጭ ጭስ ተንኖ ሁሉን ይሸፍነዋል፤ መንጋው ካለ የቀረው በዚያ ጭስ ውስጥ ሸለቆውን አቋርጦ ሄዷል። ሁለተኛ ተኩስ የሚባል ነገር የለም። አዳኙ ነፍጡን ጥሎ፣ ካራውን መዞ፣ የደሙን ጠብታ እየተከተለ ይሮጣል።

የሚሮጥበትም ምክንያት አለው። ክርስቲያኑ የዋግ ሰው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ያልታረደ ሥጋ አይበላም፤ ነፍሱ ሳይወጣ ያልደረሱበት አውሬ ጥንብ ነው። ሙስሊሙም በቢስሚላህ እንዲሁ ይደርስበታል። የኦሪት ዘዳግም ሕግ ከዱር እንስሳት የሚበላውን ከማይበላው ይለያል፤ የሚያመሰኳውና ሰኮናው የተሰነጠቀው ይፈቀዳል፣ ጥንቸልና ከርከሮ ይቀራሉ። በዚህ ላይ ዓመቱን ግማሽ ያህል የሚይዘው ጾም አለ፤ በዐቢይ ጾም አጋዘን የጣለ ሰው ሥጋውን ቋንጣ ከማድረግ በቀር የሚጠቀምበት ነገር የለም፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የሚውለው ልክ አደኑ በሚያመችበት በደረቁ በጋ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ለእንስሳት ጥበቃ ተብለው የወጡ ደንቦች አይደሉም። ሆኖም ከቀርፋፋው ነፍጥ ጋር ሲገጣጠሙ ሩቅ ተኩሶ ማቁሰልን ትርፍ አልባ አደረጉት። ከሦስት መቶ ሜትር ላይ የተመታ አጋዘን ገደል ገብቶ ቢሞት የሚያርደው አይገኝም፤ ስለዚህ ነፍጡ ሩቅ ቢመታ እንኳ አዳኙ መቅረብ ይገባው ነበር።

ማስረጃው ምንድን ነው? ነፍጥ ከገባ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ተጓዦች ያዩት ነው። ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1810 ተከዜ ዳር ወርዶ ጉማሬዎች በብዛት አግኝቷል፤ ቢተኮስባቸውም አረሩ ያን ያህል እንዳልጎዳቸው ገልጿል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 ስሜን ገብቶ የዋልያን ናሙና ሰብስቦ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ስሜን ያን ጊዜ የደጃዝማች ውቤ አገር ነበረች፤ ማለትም በመላ ኢትዮጵያ ነፍጥ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ። ሳሙኤል ቤከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1861 ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት በታችኛው ወንዝ ዳር ዝሆን፣ አውራሪስና ልዩ ልዩ ቀንዳም እንስሳት ተትረፍርፈው አይቷል። እርሱ ራሱም ያደነው በአፈሙዝ በሚጎርስ ከባድ ጠመንጃ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የዱር እንስሳት ባለሙያው ሌስሊ ብራውን ስሜን ሲወጣ ግን የቀረው ዋልያ ቢበዛ ሁለት መቶ ገደማ እንደሆነ ገመተ። ገደሉ ያው ገደል ነው፤ ሰዉም ያው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያቆመኝ ይችላል። ዋግ ነፍጥ አልነበረውም ብለህ እየመሰከርክ አውሬው የተረፈው በነፍጡ ቀርፋፋነት ነው ማለት እንዴት ይሆናል? ነፍጡ ጥቂት ስለነበረ እንጂ ቢባል አይሻልም? ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ለዋግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክሩን ያፈርሰው ነበር። የተከዜን ወዲህ ከወዲያው ማነጻጸር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስሜንና ትግራይ በነፍጥ የተጥለቀለቁ፣ ዋግ ግን ነፍጥ የተራበ ሆኖ ሳለ፣ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከሁለቱም ወገን የአጋዘንም የዋልያም ዘር አልተነቀለም። ነፍጡ በብዛቱ ብቻ የሚፈርድ ቢሆን የስሜን ገደል ከዋግ ቆላ ቀድሞ ባዶ በሆነ ነበር። ደግሞም የነፍጡ ማነስና መቀርፈፍ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። እርሳስ ውድ በሆነበት አገር ጌታው ለሎሌው ቆጥሮ የሰጠውን አረር በሚዳቋ ላይ ማባከን የሚያስጠይቅ ነው፤ ነፍጥ በመጀመሪያ የጦርነት ዕቃ ነውና።

ዝሆንስ? የሚልም ይኖራል። በዚህ ላይ የምከላከለው ነገር የለኝም። የዝሆን ጥርስ ከምጽዋ የሚወጣ ትልቅ ሸቀጥ ስለነበር ዝሆን በነፍጥ ዘመንም ክፉኛ ታድኗል። ዝሆንና አንበሳ የገደለ ሰው በፉከራ የሚያወሳው ክብር፣ ከጌታውም የሚቀበለው ሽልማት ነበረው፤ ጾምና እርድ እዚህ አያግዱትም፣ ሥጋው አይፈለግምና። ነገር ግን ብሩስ በጸርቂን እንዳየው፣ ቤከርም በሰቲት ዳር ሐምራን በተባሉ አዳኞች ዘንድ እንደመሰከረው፣ ዝሆን በአብዛኛው የሚጣለው በፈረስ ተከታትለው ቋንጃውን በሰይፍ በሚቆርጡ ሰዎች ነው። ያንን እንስሳ የበላው ገበያው ነው፤ ገበያ ካለ ሰይፍም ይበቃል። ለአጋዘንና ለድኩላ ግን ባሕር ማዶ የሚጠብቅ ገዥ አልነበረም፤ ቆዳው ለአገልግል፣ ቀንዱ ለዋንጫና ለባሩድ መያዣ፣ ሥጋው ለመንደር ነው። የነፍጡ ገደብ ሊሠራ የቻለው ትርፍ ባልገባበት አደን ላይ እንደሆነ መቀበል አለብኝ፤ ክርክሬም በቀንዳም እንስሳት ይወሰናል።

ሌላው፣ እኔ ከሁሉ የምፈራው ተቃውሞ፣ የደስታ በሽታ ነው። በሽታው በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በመጣ ከብት ገብቶ አገሩን ሲያዳርስ የገበሬውን በሬ ብቻ አልፈጀም፤ ጎሽና አጋዘንም እንደ ከብት ይሞቱበት ነበር። ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ የወለደው ይኸው ነው፤ ዋግና ላስታም ከባድ ዋጋ ከፍለውበታል። ታዲያ አጋዘኑን የጨረሰው በሽታ ከሆነ ፈጣኑ ጠመንጃ ለምን ይከሰሳል? መልሱ ከበሽታው በኋላ በሆነው ላይ ነው። መቅሠፍት ያለፈበት መንጋ ከተረፉት ጥቂቶች ተነሥቶ በዓመታት ውስጥ መልሶ ይራባል፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሰፋፊ ክልሎች ጎሹና አጋዘኑ እንዲህ አድርገው ተመልሰዋል። በተከዜ ዳር የተረፉት ግን ያገኙት የቀደመውን ነፍጥ አይደለም። የበሬ ያለህ የሚል የተራበ ሕዝብና በዚያው ዘመን የተባዛ አዲስ ጠመንጃ ጠበቃቸው። በሽታው ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ፈጣኑ መሣሪያ በደረሰበት ወቅት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢመጣ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ያ አዲስ ጠመንጃ በጅምላ የገባበትን ዓመት እናውቀዋለን። በ1868 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ግብፆችን ጉንደትና ጉራ ላይ ድል ሲያደርጉ በሺህ የሚቆጠር ረሚንግተን ተማረከ። ይህ ጠመንጃ ከኋላ በቀለህ ይጎርሳል፤ ልምድ ያለው ተኳሽ በደቂቃ ከአሥር ጥይት በላይ ያስወጣበታል፤ ዝናብ አያግደውም፤ የሚሸት ክር የለውም። ውጅግራውና ስናድሩ ተከተሉ። ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሲዘምቱ የዋግ ጦር ዘመነኛ መሣሪያ ያየ ጦር ነበር፤ ከዘመቻውም ምርኮ ይዞ ተመልሷል። ከዚያ ጭስ የሌለው ባሩድና አምስት ጥይት አከታትሎ የሚጎርሰው ጠመንጃ መጡ፤ አሁን ከመንጋው አንዱ ሲወድቅ የቀሩት ተኩሱ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቁም። የመጨረሻው ጎርፍ የጣሊያን ወረራ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በሰቆጣና በአካባቢው ሲዋጋ የኖረው አርበኛ፣ ባንዳውም፣ ምንሽርና ቤልጅግ በእጁ ቀረ። ጠላት ሲወጣ ጠመንጃው አልወጣም። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኳንንት ሎሌ ያልሆነ ተራ ገበሬ ከሦስት መቶ ሜትር የሚገድል መሣሪያ ያዘ። የመንግሥት ሕግም ከኋላ ተከትሎ መጣ፤ የዱር እንስሳት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 እ.ኤ.አ. በ1944፣ የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1969፣ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ በ1978። ሕጉ ሲደርስ ዋልያው በጥቂት ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ጫካው ነው የጠፋው እንጂ ጥይት አይደለም የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የደንና የአፈር ባለሙያዎች ናቸው። ለደጋው እውነታቸውን ነው። በሰቆጣ ዙሪያ ያለው ገደላማ መሬት ሳይቀር ታርሶ፣ ወይራው ተቆርጦ፣ ፍየል ያልረገጠው ቁልቁለት ባልቀረበት አገር ድኩላ የት ይደበቃል? ሆኖም ቆላው እንደ ደጋው አይደለም። ሰሃላና የተከዜ ገደሎች በሙቀቱና በወባው ምክንያት ለእርሻ ሳይመቹ እስከ ቅርብ ዘመን ኖረዋል፤ ግራሩና ቋጥኙ አሁንም አለ፣ አጋዘኑ ግን እንደ ቤከር ዘመን አይታይም። መጠለያው ባለበት እንስሳው ከሌለ የመጠለያ እጦት ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የስሜንም ምስክርነት ይህንኑ ያግዛል፤ ፓርኩ ተከልሎ አደኑ በታገደባቸው ዓመታት፣ እርሻና ግጦሽ ጨርሶ ሳይቆም፣ ዋልያው ከመቶዎች ተነሥቶ ወደ ብዙ መቶዎች ደርሶ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የገባው ፓርክ በ2017 የወጣው አንድም በዚህ ነው። ተኩሱ ሲቆም እንስሳው ይመለሳል።

ይህን ስል የነፍጥ ዘመንን አዳኝ ጻድቅ ለማድረግ አይደለም። ያ ሰው ምንሽር ቢሰጡት ኖሮ በደስታ ተቀብሎ እንደ ልጅ ልጁ ይተኩስበት ነበር። ሴትና ወንድ ለይቶ የሚተኩስ፣ ለመጪው ትውልድ የሚያስብ ሰው አድርጎ መሳል ታሪክን ማስዋብ ነው። እኔ የምለው ችሎታውና ገደቡ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ብቻ ነው። መሣሪያው አንዲት አረር ብቻ ስለሚፈቅድለት የእንስሳውን መንገድ፣ የነፋሱን ዙረት፣ የውኃውን ጊዜ ማወቅ ግዴታው ሆነ። ያ ዕውቀት ዛሬ ለፓርክ ጠባቂና ለዱር እንስሳት ቆጣሪ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ፈጣኑ ጠመንጃ ሲመጣ አውሬውም ዕውቀቱም ባንድ ላይ መመንመን ጀመሩ፤ ከሩቅ መግደል የሚችል ሰው መቅረብን መማር አያስፈልገውምና።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለዋግ ኽምራ ባህልና ቱሪዝም ሠራተኞች፣ ለወልድያና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራን፣ ከሁሉ በላይ ግን በሰቆጣ፣ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ ላሉ አንባቢዎች አቀርባለሁ። ከቅድመ አያት የወረደ የአፈሙዝ ነፍጥ፣ የባሩድ ቀንድ ወይም የአረር ማቅለጫ በቤታችሁ ካለ ለአሮጌ ብረት ነጋዴ አትሽጡት። ርዝመቱን፣ የአፉን ስፋትና የሠሪውን ምልክት ጻፉት፤ ፎቶ አንሡት፤ ሕጉ እንደሚያዘው አስመዝግቡት። የባሩድ ጨው ከየትኛው ዋሻ ይታጠብ እንደነበር፣ አጋዘን በየትኛው መልካ ይወርድ እንደነበር ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ካለም በኽምጣኛውም በአማርኛውም ቃሉን ቅረጹ። አዝመራው ገብቶ ጥምቀት እስኪመጣ ያሉት ሳምንታት ለዚህ ሥራ የሚመቹ ናቸው።